ጋሽ ብርሃነ እና ስትታጠፍ የምትጠፋው መኪና

ጋሽ ብርሃነ ሞተ ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ጥያቄ «ማን መርምሮት ነው?» የሚል ነበር። ደዋዩ ደነገጠ። «ሐኪሞቹ ናቸዋ! ምን ማለትህ ነው?» አለኝ። እኔ ግን እንኳን ሐኪም መልአክ ቢመጣ፣ ጋሽ ብርሃነ ሳይከራከር እሺ ብሎ የሚከተል ሰው አይመስለኝም ነበር። «ሞቻለሁ? በምን አወቅክ? የት ነክተህ አየህ? ከመሞቴ በፊት መጨረሻ የነካኝ ማነው?» ሳይል እንዴት ይሄዳል? በኋላ ግን ሬሳውን ሳይ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። መሞቱን ያመንኩት ያኔ ነው።

ጋሽ ብርሃነ ኤርትራዊ ነው። አማርኛውን የተማረው በጉርምስናው አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግማሹ ስድብ፣ ሩቡ የመኪና ዕቃ ስም፣ የቀረው ደግሞ ጳጳስ የሚቀናበት ጥሩ አማርኛ ነበር። እንጀራው የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ከሞምባሳ መንገድ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። የሰፈሩ ኬንያውያን ፉንዲዎች፣ መካኒኮቹ ማለቴ ነው፣ «ሙዜ» እያሉ እንደ አባት ይፈሩታል። ትሕትና የሚባል ዕቃ በነፃ ቢታደል እንኳ ሰልፍ አይዝም ነበር። «ናይሮቢ ውስጥ ሁለት መካኒክ ነው ያለው» ይላል። «ሁለተኛው ማነው?» ስትሉት፣ «ገና አልመጣም» ይላችኋል።

ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ተጋርተን ኖረናል። የእሱና የሚስቱ ቤት በስተፊት፣ የእኔ በስተጓሮ፣ በመካከላችን የውሃ ታንከርና የእሱ ነጭ መኪና።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን ንስሐ ያስገባዋል። በርጩማ ላይ ያስቀምጥሃል፤ ፊት ለፊትህ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «መኪናው ምን ሆነ አትበለኝ። አንተ ምን አደረግክ?» ይላል። እምነቱ አንድ ነበር። መኪና በራሱ አይታመምም፤ ሰው ይነካዋል። ማን እንደነካው ካወቅክ በሽታውን አገኘህ። «ማንም አልነካውም» ያለ ደንበኛ ቁልፉን ይዞ ይባረራል።

አንድ ጊዜ ላቪንግተን የሚኖር ያገራችን ሀብታም ነጋዴ ከነሚስቱ መጣ። መኪናው ተራራ የሚያክል ነው። የመሪው ፊት ያሉት መብራቶች ሁሉ በርተው እንደ ገና ዛፍ ይብለጨለጫሉ።

«የት ሄደህበት ነው?» አለ ጋሽ ብርሃነ።

«ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት።»

ጋሽ ብርሃነ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሆድ ሥር ጭቃ ፈቅፍቆ አመጣ። «የላቪንግተን አፈር ቀይ ነው። የሱቅህ ደጅ አስፋልት ነው። ይሄ ጥቁር ጭቃ ነው። ውሃ ውስጥ ገብተሃል፣ ሽቦ ረጥቦብሃል። ከከተማ ውጭ ያለው የኪተንገላ ጭቃ ነው ይሄ።»

«ኪተንገላ ማን አለ?» አለች ሚስት፣ ቀስ ብላ።

መኪናው በዚያው ቀን ዳነ። ትዳሩ ግን እስከ ዛሬ ጥገና ላይ ነው ይባላል።

ሚስቱ እትዬ የሺ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ኦርቶዶክስ እስከ አጥንቷ። እሱ ካቶሊክ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ግን የቄሱ መኪና ሲበላሽ ብቻ ነበር። ሲጨቃጨቁ ግቢው ሁሉ ሥራ ፈቶ ይሰማል። ሁለቱ ሲሳሳቁ ግን ሰው በር ይዘጋል፤ ያስቀኑ ነበራ።

ከዚያ እትዬ የሺ ኩላሊቷ ደከመ። በየጥቂት ቀኑ ከመሃል ከተማ ማዶ ካለ ሆስፒታል እየሄደች ደሟ በማሽን ይታጠብላት ጀመር። ያለ ማሽኑ መሰንበት እንደማትችል ሐኪሞቹ በግልጽ ነገሯቸው። በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ ተጋፍታ የምትሄድበት አቅም የላትም። ስለዚህ ያቺ ነጭ መኪና ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና መሆኗ ቀርቶ የሴትዮዋ ግማሽ ኩላሊት ሆነች።

መታመም የጀመረችውም ይሄኔ ነው፤ መኪናዋ። ሕመሟም ጉድ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ እንደ አንበሳ ትሄዳለች። ቀስ ብለህ መሪውን ስታጣምም ግን ሞተሩ አንዴ ይቃትትና ጭጭ ይላል። እንግዲህ ናይሮቢን የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ከሳውዝ ሲ መሃል ከተማን አቋርጦ ማለፍ ማለት ከአደባባይ ወደ አደባባይ እየተሳቡ መሄድ ነው፤ ያውም በዚያ ሁሉ የመኪና መዓት መሃል። በእኛ የድሮ ንጉሥ ስም የሚጠራው ጎዳና ጋ ያለው አደባባይማ ቀጠሮ የያዘች ይመስል ሳትጠፋበት አልፋ አታውቅም።

«ይሄ ሰውዬ እዚህም ድረስ ተከተለኝ!» ይላል ጋሽ ብርሃነ፣ ወርዶ እየገፋ። ከኋላ ማታቱዎቹ ጥሩምባቸውን ይለቁበታል። ወያላው አንገቱን አውጥቶ፣ «ሙዜ፣ ፖሌ፣ አይዞህ! ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?» ይላል። እትዬ የሺ ውስጥ ሆና ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። አንዳንዴ አብሬ እሄድ ነበርና እኔም ገፍቻለሁ። በዚያ ዘመን የገፋሁት ቢለካ ሞምባሳ ደርሼ ባሕሩን ተሻግሬ ነበር።

አሁን ጉዱን ተመልከቱ። የናይሮቢን መኪና ሁሉ የሚያናዝዘው ሰው የገዛ መኪናውን በሽታ አጣው። ቺንጊያ ቀየረ። የመሪ ዘይት ቀየረ። አየር የሚገባበትን ጉሮሮ አጠበ። ፓምፑን አውርዶ ሌላ አሰረ። ለጥቂት ቀን ደህና ትሆንና መልሳ ትጠፋለች። ፉንዲዎቹ ምክር ሲሰጡት መፍቻ ይወረውርባቸዋል። ማታ ማታ በርጩማው ላይ ራሱን አስቀምጦ ራሱን ሲመረምር ሰምቻለሁ። «ማን ነካት? አንተ። ሌላስ? ማንም። ውሸታም!» ይላል ለራሱ።

አንድ እሁድ ጠራኝ። «አንተ ቀባጣሪ፣ ና ግባና መሪ ያዝልኝ። አፍህን ዝጋ፣ መሪውን ብቻ አዙር።»

ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ወደ ቀኝ ጥርቅም አድርጌ አዞርኩ። ቃተተችና ጠፋች። ደግሜ አስነሣሁ፤ ደግማ ጠፋች።

«እየው» አለኝ ኮፈኑ ሥር ሆኖ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚያስረዳው። «መሪ ስታጣምም ፓምፑ በሞተሩ ላይ ሸክም ይሆንበታል። ፓምፑ ላይ አንዲት ሴንሰር አለች። ሥራዋ ለኮምፒውተሩ ‹ሸክም መጣ፣ ጠንከር በል› ብላ መንገር ነው። ካልነገረችው ሸክሙ ድንገት ይወድቅበታል። ሴንሰሯን ፈትኛታለሁ፤ ደህና ናት።»

«ሽቦዋስ?» አልኩት ዝም ላለማለት ያህል።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ሊበላኝ ነው። «ሽቦዋን የዘረጋሁት እኔ ነኝ!»

ከዚያ እያጉረመረመ ሞተሩን እንደገና አስነሣ ብሎኝ የሽቦዋን ጫፍ ከሴንሰሯ ነቀለና የመኪናዋን ብረት አስነካው። ሽቦዋ ጤነኛ ብትሆን ኮምፒውተሩ ሸክም የመጣ መስሎት ሞተሩ ማጓራት ነበረበት። ምንም። ጋሽ ብርሃነ ሽቦዋን በሁለት ጣቱ እየዳበሰ፣ የሕፃን አንጀት እንደሚዳብስ ሐኪም፣ ወደ ላይ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ላስቲኩ ከላይ ምንም አልሆነም፤ ውስጡ ግን እንደ ተቀቀለ መኮሮኒ ይልመጠመጣል። ቆረጠው። መዳቡ አልቆ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ከተቆረጠው ወዲያ ያለውን ጤነኛ ጫፍ ብረት ሲያስነካው ሞተሩ አጓራ።

እኔ አጨበጨብኩ። እሱ ግን ፓምፑ ላይ የደረቀ ነጭ የውሃ መስመር እያየ ነበር። «ዝናብ አይደለም» አለ። «ዝናብ ሁሉን ያረጥባል። ይሄ በአንድ ቦታ፣ ከመብራቱ በላይ ባለው ክፍተት የፈሰሰ ነው። ብዙ ጊዜ ፈሷል። ሰው ነክቷታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ! ሰክረህ ስትመጣ እዚህ ነው እንዴ የምትሸናው?»

በእናቴ አጥንት ማልኩ። አላመነኝም። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ጎትቶ አስነሳኝና ሁለት የጎለመስን ሰዎች እንደ ዶሮ ሌባ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተደበቅን። ጉልበቴ ሲንቋቋ በኩርኩም አለኝ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ የሺ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። እጇ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። ጠበል ነው፤ ከታመመች ወዲህ ከአገር ቤት በሞያሌ በኩል በመንገደኛ እጅ የምታስመጣው። መኪናዋ ጋ ደረሰች፣ አማተበች፣ ከመብራቱ በላይ ባለው ክፍተት ቀስ አድርጋ ማንቆርቆር ጀመረች።

«ቅዱስ ሚካኤል» አለች። «ስለ እኔ አይደለም የማስቸግርህ። እኔስ እንደ ፈቃድህ። ይሄን ሽማግሌ ግን መንገድ ላይ ገፊ አታድርግብኝ። ወገቡ ታሟል፤ አይነግረኝም እንጂ።»

ጨርሳ የመኪናዋን ኮፈን እንደ በግ ጀርባ ደባበሰችና ገባች።

እኔ ጋሽ ብርሃነ እስኪፈነዳ ነው የጠበቅኩት። ለአንድ የላላ ብሎን አገር የሚያስጨንቅ ሰው ነው። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ።

«በጠፋች ቁጥር ታፈሳለች» አለኝ በሹክሹክታ። «ባፈሰች ቁጥር ትጠፋለች።»

«ትነግራታለህ?»

«ምን ብዬ? ያስገፋኝ ጸሎትሽ ነው ልበላት?»

አልነገራትም። አዲስ ሽቦ ዘረጋ፤ በየደው፣ በላስቲክ ቱቦ አለበሰው፣ በግራሶ ቀባው፣ በሌላ በኩል አዙሮ አሳለፈው። ኖኅ ያን ሽቦ ቢያገኝ ኖሮ መርከብ አይሠራም ነበር። እሷም ማፍሰሷን ቀጠለች፤ መኪናዋም ከዚያ ወዲያ በየአደባባዩ እንደ ሙሽራ መዞር ጀመረች።

እትዬ የሺ እልል አለች። የሰፈሩን ሴቶች ጠራች። ዳቦ ተቆረሰ። በሰው ሁሉ ፊት ጣቷን ባሏ ላይ ቀስራ፣ «አንተ ካቶሊክ! ስንት ጊዜ በመፍቻ ስትደበድባት የከረምካትን ሚካኤል በጥርኝ ውሃ ፈወሳት። ምን ትላለህ አሁን?» አለችው።

እኔ ዳቦዬን መሶቡ ላይ መለስኩ።

«ምን እላለሁ» አለ ጋሽ ብርሃነ። «እኔ አቅቶኝ ነበር። አሸነፈኝ።»

ያን ሰው «አቅቶኝ ነበር» ሲል ከመስማት ኬንያ ተራራ ሲያስነጥስ መስማት ይቀላል። እትዬ የሺ ግን ፊቷ በራ። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ የማሽኑ ቀን ደረሰ። ጋሽ ብርሃነ ሞተር አስነስቶ ጥሩምባ ነፋ። አልወጣችም። ገብቶ ሲያያት በቤት ልብሷ አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

«ምነው? አመመሽ?»

«አልሄድም።»

«የት አትሄጂም?»

«እዚያ ማሽን ላይ። መኪናዋን ያዳነ እኔን ያቅተዋል?»

ጮኸ፣ ለመነ፣ ተቆጣ። እኔን ጠራኝ። የማውቀውን ቀልድ ሁሉ ደረደርኩላት፤ ሳቀችልኝ፣ አልተነሳችም። ጋሽ ብርሃነ የእሷን ቄስ ራሱ ሄዶ ለምኖ አመጣቸው። «ልጄ» አሏት፣ «ጠበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው። ሂጂ።»

«መኪናዋም ሐኪም ነበራት አባቴ» አለቻቸው፣ ባሏን በፍቅር እያየች። «ጎበዝ ሐኪም። ምን ፈየደላት?»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟትና ወጡ። የማሽኑ ቀን አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ፊቷ አበጠ፤ እግሯ አበጠ፤ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እሷ ግን «እየወጣልኝ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ብርሃነ ደጄን አንኳኳ። «ና፣ ምስክር ሁን» አለኝ። ገባን። ከሸሚዝ ኪሱ የጣት ርዝመት ያላት ጥቁር ሽቦ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«የሺ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሚካኤል አይደለም የሠራት። እኔ ነኝ። ያበላሻትም ውሃው ነው።»

ሁሉንም ነገራት፤ ሳይሳደብ፣ ሳይጮህ። ታንከሩ ጀርባ መደበቃችንን ሳይቀር ነገራት። እኔ ወለሉን እያየሁ፣ እውነት ነው በማለት ራሴን ነቀነቅኩ። እትዬ የሺ የሽቦዋን ላስቲክ በጥፍሯ ገለጥ አደረገች። አረንጓዴው ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

«አሁንስ ለምን ነገርከኝ?»

«እንዳትሞቺብኝ።»

ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ ወገብህን የሰበርኩት እኔ ነኛ» አለች። ስለ ጸሎቷ፣ ስለ መልአኩ፣ አንድም ቃል አልተናገረችም። «ልብሴን አቀብለኝ» አለችው። ተነሥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ማሽኑ ላይ ተመለሰች። ሐኪሞቹ አብዝተው ተቆጡ፤ ልቧ ውሃ ይዟል፣ ዘግይታችኋል አሉ። ከዚያ ወዲያ በሄድን ቁጥር መኪናዋ እንደ ሐር ትሄዳለች። እትዬ የሺ ግን፣ ያቺ ድሮ በየመታጠፊያው «በስመ አብ» እያለች፣ ወያላዎቹን እየተሳደበች፣ ባሏን እየነዘነዘች የምትሄደው ሴት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ዝም ትላለች። ማለዳ ማለዳ ጠርሙስ ይዛ መውጣቷንም ተወች። ጋሽ ብርሃነ አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ፣ «በኋላ ወንበር ሰው አለ?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ። እሷ ነበረች እዚያ ያለችው።

ትልቁ ዝናብ ሲጀምር ሞተች።

ለቅሶው የተቀመጠው ግቢያችን ውስጥ ነው። ድንኳን ተተከለ። ከሳውዝ ሲም፣ ከመሃል ከተማም ያገራችን ሰው ሁሉ መጣ። ጋሽ ብርሃነ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ሆነው የእትዬ የሺን ደግነት ያወራሉ፤ ወሬው እየዞረ መኪናዋ ላይ ደረሰ። በእነሱ አፍ መኪናዋ ድሮ ገደል የገባች፣ ሞተሯ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጃፓኖች ራሳቸው መጥተው ተስፋ የቆረጡባት ሆናለች። ማጋነን የእኔ ሥራ ነበር፤ እነሱ ግን በለጡኝ።

ከመሃላቸው አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት የጠለቀ፣ ወደ ጋሽ ብርሃነ ጠጋ አለች።

«አባቴ፣ እውነት ነው? ጠበሉ ነው ያዳናት መኪናዋን? ባሌ ያው እንደ ባለቤትዎ ነው የታመመው። ማሽን ላይ ነው፣ ማሽኑ ሰለቸው።»

ጋሽ ብርሃነ ቀና አለ።

«ሽቦ ነበር» አለ።

«ምን አሉ?»

«ሽቦ ነበር። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ጠበሉ አይደለም። ሽቦ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ሐዘን ነው፣ ተዉት» አለች አንዷ። «ካቶሊክም አይደል፣ ከበደው» አለች ሌላዋ። «እውነቱን ነው» ብዬ እኔ ብነሣ፣ «አንተ ደግሞ፣ በለቅሶ ላይ እንኳ አትቀልድ!» ብለው ጮኹብኝ። እኔን ማን ያምነኛል? ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ ሳስቃቸው ኖሬ።

ጠበሉ ከየት እንደሚመጣና በማን እጅ እንደሚላክ ለሴትዮዋ ነገሯት። አመስግና ተነሣች። ጋሽ ብርሃነ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለ፤ ሐዘንተኛ ሆኖ፣ በካልሲው፣ በዚያ የተሰበረ ወገቡ፣ በጭቃው ውስጥ እየሮጠ የግቢው በር ላይ ደረሰባት። እኔ ተከተልኩት። ክንዷን በሁለት እጁ ያዘ።

«ልጄ፣ ጠበሉን አጠጪው፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ አጥምቂው። ከማሽኑ ግን እንዳታስቀሪው። በእመቤቴ ይዤሻለሁ! አንዲት ቀን እንዳታስቀሪው!»

«እሺ አባቴ» አለችው። «እሺ፣ አይዞዎት። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

እጁን ቀስ ብላ ከክንዷ ላይ አላቀቀችና ሄደች። እሺ ያለችው ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ እሺ እንደሚባለው ነበር።